የአንሶላ አጣቢው ወንድሜና የዕለት ክኒናቸው

ግድግዳ ጆሮ አለው ይባላል፤ የእኛ ግድግዳ አፍም አለው። ወንድሜ ባረፉ ማግስት ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጣችው የስልክ ኦፕሬተር፣ በጓሮ በኩል ስታወራ ሰማኋት። «በሽታው መች ገደላቸው? ያ በየቀኑ የሚውጡት ክኒን ነው እንጂ የጨረሳቸው!» አለች። ሰምቼ ልተወው ነበር፤ ወሬ በመውደድ እኔም እታማለሁ። ግን የምታወራላት ሴት የሰፈራችን ፀጉር ሠሪ ሆነች። ፀጉር ሠሪዋ ደግሞ ካምና ጀምሮ ያንኑ ክኒን የምትውጥ፣ ትንንሽ ልጆች ያሏት እናት ናት። ወዲያው እናቷ መጥታ «ልጄ ክኒኗን ተወችው፣ ምን ልሁን?» ብላ አለቀሰችብኝ። ልጆቻቸው ሊጽፉት የነበረውን የሕይወት ታሪክ እኔ ታላቅ እህታቸው ነጥቄ የያዝኩት ለዚህ ነው። በሕይወት እያሉ «አንተ» ነበር የምላቸው፤ እዚህ ግን በሰው ፊት የሚነበብ ስለሆነ አንቱ ብያቸዋለሁ።

ወንድሜ ከአናጢው አባታችንና ከአዋላጇ እናታችን በመጋቢት ወር 1944 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታችን የሰፈሩን ሴት ሁሉ ስታዋልድ ኖራ እሳቸውን የወለደችው ብቻዋን ነው። ሲወለዱ ብዙም አላለቀሱም፤ ዓይናቸውን ገልጠው ዙሪያውን ሲያዩ «ይሄ ደግሞ ምን ሊጠይቀኝ ነው?» አለች። እንዳለችውም ጥያቄያቸው ማለቂያ አልነበረውም። ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታተሉ። ያቋረጡት ሰንፈው አይደለም፤ አባታችን ከጣሪያ ወድቀው እጃቸው ስለተሰበረ ቤቱን የሚደግፍ ሰው ጠፍቶ ነው።

በ1962 ዓ.ም. በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጠሩ። ክፍሉ ምድር ቤት ነው። መስኮቱ ከመንገዱ እኩል ስለሆነ ወንድሜ ሐኪሞቹን በመልካቸው ሳይሆን በጫማቸው ነበር የሚለዩዋቸው። ከቀዶ ጥገና የሚወርደው አንሶላ ደም በደም ነው። ደም የሚበላ የተባለ ዱቄት ሳሙና ሲመጣ፣ ኃላፊያቸው በፈላ ውሃ እየዘፈዘፈ ደሙ እንደ እንቁላል በስሎ ጨርቁ ላይ ቀረ። ወንድሜ ነገሩ ከንክኗቸው ላቦራቶሪ ወጥተው እዚያ የምትሠራውን ሴት ጠየቁ። «ዱቄቱ ውስጥ ኢንዛይም አለ» አለቻቸው። «ኢንዛይም ፕሮቲን ነው፤ ደሙን ይቆራርጥና ውሃው ይወስደዋል። ከፈላ ግን እሱም ቅርጹን አጥቶ ከሥራ ይወጣል። ውሃውን ለብ አድርጉት።» ከዚያ ወዲያ ወንድሜ ክርናቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ሳይለኩ ዱቄት አይጨምሩም ነበር፤ ስማቸውም «ጋሽ ለብታ» ሆኖ ቀረ።

ኢንዛይም በሰው አፍና ሆድም እንዳለ ስትነግራቸውማ ጭራሽ አበዱ። ዳቦ አኝከው ሳይውጡ ያቆዩና «ጣፈጠኝ! ምራቄ ስኳር አደረገው!» ይላሉ። በ1968 ዓ.ም. የሆስፒታሉን ልብስ የምትጠግነውን ልብስ ሰፊ ሊያገቡ ቤተሰቦቿ ዘንድ ሄድን። ወንድሜ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ለልጅቷ አባት ቁራሽ ዳቦ ሰጥተው «አባባ፣ እስኪጣፍጥዎ ድረስ አይውጡት» አሏቸው። ሽማግሌው አፋቸውን ሞልተው ቁጭ አሉ፤ እኛም ጉንጫቸውን ስናይ ቆየን። በመጨረሻ ዋጡና «ጣፍጧል። ልጄን የፈለግሃት ግን ዳቦ ልታሳኝካት ነው?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ እሺታውም ያኔውኑ ተገኘ። ከዚህ ትዳር ሁለት ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተው፣ አሳድገው፣ ለወግ አብቅተዋል።

በ2001 ዓ.ም. ወንድሜ መክሳት ጀመሩ። ሲተኙ ላብ ያጠምቃቸዋል፤ ሁለቴ ጎርሰው «በቃኝ» ይላሉ። ለካስ ጣፊያቸው አብጦ ሆዳቸውን እየገፋ ኖሯል። «ሚስቱ አታበላውም» ተብሎ ተወራ፤ እኔ ይሄን ለማንም አላወራሁም፣ ለአንድ ሁለት ሰው ነግሬ እንደሆነ ነው እንጂ። ደማቸው ሲመረመር ነጩ የደም ሴል ከልክ በላይ በዝቶ ተገኘ፤ የደም ካንሰር ተባለ። እኛ ስንላቀስ እሳቸው ሐኪሟን «ዶክተር፣ ለመሆኑ ማን ነው ተባዙ ያላቸው?» አሏት።

ሐኪሟ ወንበሯን አስጠጋች፤ እኔም ጆሮዬን አስጠጋሁ። ሴል ውስጥ መልእክት የሚቀባበሉ ፕሮቲኖች አሉ አለች። «ሴል ይባዛ» የሚል መልእክት ሲመጣ አንዱ ለሌላው ሹክ ይላል፤ ሥራው ሲያልቅ ዝም ይላሉ። ጤና ማለት መናገሩም ዝም ማለቱም በወቅቱ ሲሆን ነው። በወንድሜ መቅኔ ውስጥ ግን ሁለት ጂኖች ያለ ቦታቸው ተገጣጥመው ዝም ማለት የማያውቅ ኢንዛይም ፈጠሩ። ማንም ሳይልከው ቀን ከሌት «ተባዙ፣ ተባዙ» ይላል። «በሽታውን አወቅኩት፣ ጎረቤቴ ናት!» ብል ሐኪሟ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ክኒኗን አሳየችን። ያ ወሬኛ ኢንዛይም ጉልበቱን የሚቀበልበት ጎድጎድ ያለ ቦታ አለው፤ ክኒኗ ቀድማ ሄዳ እዚያ ትቀመጣለች። ጉልበት ሲያጣ አፉ ይዘጋል። በሽታው ከእናት ከአባት የሚወረስ ወይም ከሰው ወደ ሰው የሚጋባ አለመሆኑንም ነገረችን።

ወንድሜ ክኒኗን ጀመሩ። ጣፊያቸው ጎደለ፣ ጉንጫቸው ሞላ፣ ዳቦ ማኘኩም ተመለሰ። ደማቸው ጸድቷል በተባለ ጊዜ ግን አንድ ስህተት ሠሩ። አጣቢ ናቸውና «የጸዳ አንሶላ ተመልሶ አይዘፈዘፍም» ብለው ለማንም ሳይናገሩ ክኒኗን አቆሙ። ወራት አልፎ ባለቤታቸው ትራሳቸውን ብትዳስስ በላብ ርሷል። ሐኪሟ ዘንድ ስንሄድ «ጋሼ፣ ይሄ እድፍ አይደለም!» ብላ ተቆጣች። «ቦታውን ሲለቁለት ጉልበቱን አገኘና ወሬውን ቀጠለ። ለአንዳንድ ሰው የማቆሚያ ጊዜ ይመጣል፤ ግን ደምዎን እያየሁ የምወስነው እኔ ነኝ።» ወንድሜ በዕድሜያቸው አንገታቸውን ሲደፉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ደግነቱ ክኒኗ እንደገና ሠራችላቸው። ሐኪሟ ግን ለሁሉ እንዲህ እንደማይሆንለት፣ አንዳንዱ ኢንዛይም ቅርጹን ቀይሮ ክኒኗን እንደሚያስቸግራት ነገረቻቸው።

ከዚያ ወዲያ በክሊኒክ ወረፋ ከተዋወቋቸው የአውቶቡስ ሹፌር ጋር ጠዋት ጠዋት ይደዋወሉ ጀመር። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ «ዋጥክ?» «ዋጥኩ። አንተስ?» ብለው ይዘጋሉ። አዲስ የታመመ ሰው ሲያገኙም ስህተታቸውን ሳይደብቁ ይናገሩ ነበር። ፀጉር ሠሪዋንም «እኔን አይተሽ ተማሪ» ሲሏት ሰምቻለሁ።

ወንድሜ ባደረባቸው የሳንባ ምች ሆስፒታል ገብተው ሲረዱ ቆይተው ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ዐረፉ። ሳንባቸው ነው ያሸነፋቸው፤ ደማቸው እስከ መጨረሻው ንጹሕ እንደነበር ሐኪሟ አረጋግጣልናለች። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን እህታቸውን ትተው ሄደዋል። የማያልቀውን ጥያቄያቸውን የሚመልስላቸው ጌታ ነፍሳቸውን በአጠገቡ ያስቀምጥ፤ እኛንም ያጽናን።

ይህን ትናንት ከሰዓት ለለቅሶ ለተሰበሰበው ሰው አስነብቤ ነበር። ትልቁ ልጃቸው ተነሥቶ «አክስቴ፣ መድኃኒት ያቆሙበትን አውጪው፤ አባቴ ሞኝ ነበሩ ይባላል» አለኝ። «አባትህ ያልደበቁትን አንተ ምን ቤት ነህ?» አልኩት። ኦፕሬተሯ ይሄኔ ቀዳዳ አገኘች። ፀጉር ሠሪዋን እያየች «ብትጽፉም ባትጽፉም ያው ነው። መድኃኒት ሰውን ከውስጥ ነው የሚበላው። እስቲ ይሄን ክኒን ለዓመታት ውጦ የቆየ ሰው አሳዩኝ!» አለች።

ሹፌሩ ከጥግ ተቀምጠው ነበር። ቀና አሉና፣

«እኔ ከሳቸው በፊት የጀመርኩ ነኝ፤ ዛሬም ጠዋት ውጫለሁ። ሞቼ ነው እንዴ ለቅሶ የመጣሁት?» አሉ።

ፀጉር ሠሪዋ ቦርሳዋን ከፈተችና ውሃ እንድሰጣት ጠየቀችኝ።