ለአባባ ገበያ ጠፋ በላቸው

ይድረስ ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለዞንግሊን፤

ለመሆኑ እንደምን ከርመሃል? የፓኪስታን ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ምግቡስ ተስማማህ ወይስ አሁንም ቃር ያስቸግርሃል? ባለፈው በስልክ ስትስል ሰምቼ ነበር፤ አባባ ስልኩን ከእጃቸው ስለማይለቁ ግን ልጠይቅህ አልቻልኩም። አብሮህ ሶላር የሚሸጠው ናዲምስ ከነልጆቹ ደህና ነው? እኛ እንግዲህ አለን። ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ።

በእጄ የምጽፍልህ ያለ ምክንያት አይደለም። ስንደዋወል አባባ አጠገቤ ቁጭ ብለው እያንዳንዷን ቃል ይለቅማሉ። በስልክ መልእክት ስጽፍልህም መነጽራቸውን አድርገው ከትከሻዬ በላይ ያነባሉ። ከምሠራበት የሶላር ፋብሪካ አንድ ቴክኒሻን አንተ ወዳለህበት ወደ ሙልታን ስለሚመጣ ይህን በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ።

የእኔ ሥራ ቆሟል። ከየካቲቱ አዲስ ዓመት በዓል ስንመለስ ግማሾቻችንን በሩ ላይ አቁመው፣ እስክንጠራችሁ ቤታችሁ ቆዩ አሉን፤ እስካሁን የጠራን የለም። ያለቀለት ሶላር ላይ ስንጥቅ የምፈልግበት ጠረጴዛ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል አሉኝ።

አባባ ግን ይህን መስማት አይፈልጉም። ልማዳቸውን ታውቀው የለ፣ ጡረታ ወጥተውም ማለዳ ቦዩ ዳር ሄደው ከፋብሪካው በር ምን ያህል ከባድ መኪና እንደሚወጣ ያያሉ። እሳቸው እዚያ በሚሠሩበት ጊዜ መኪናው በብዛት ከወጣ ጉርሻ አለ፣ ካልወጣ የለም፤ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም ነበር። ዘንድሮ ደግሞ መኪናው መንገዱን ዘግቶታል። ሠራተኛው ቤቱ ተቀምጦ ይህ ሁሉ ጭነት ከየት መጣ ትለኝ ይሆናል። መጋዘን ውስጥ የተከመረውን በኪሳራ እያወጡት ነው። የቻይና ፋብሪካ ሁሉ ሶላር ሲሠራ ከርሞ ዋጋው የተሠራበትን እንኳ አይመልስም። ይህን ስነግራቸው፣ "አንቺ ልጅ፣ የሚሞት ፋብሪካ እንዲህ ይጭናል? እዚያ በር ላይ ያረጀሁት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?" አሉኝ።

ሌላው ማስረጃቸው አንተ ነህ፤ ይህን በማለቴ እንዳትቀየመኝ። በደወልክ ቁጥር፣ "አባባ፣ እዚህ እንደ ጉድ ነው የሚሸጠው፤ መብራት ሲጠፋበት የኖረ ሰው ሁሉ ጣሪያው ላይ ሊሰቅል ይሻማል" ትላቸዋለህ። እውነትህን ነው። ግን እዚያ የሚሻሙት እዚህ እየከሰሩ ስለሚሸጡላቸው ነው። ስልኩን ከዘጋህ በኋላ ያለውን አንተ አታየውም። በማግስቱ ሻያቸውን በቴርሞስ ይዘው ወደ አክሲዮን መገበያያው አዳራሽ ይሄዳሉ፤ "ልጄ ያለበት አገር ገና መጀመሩ ነው" እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ ያወራሉ፤ ከዚያ የፋብሪካውን አክሲዮን ይጨምራሉ።

የድሮ አለቃቸው ጋሽ ታን የራሳቸውን በጊዜ ሸጠው ተገላግለዋል፤ አሁን አዳራሹ የሚመጡት ለወሬና ለአየር ማቀዝቀዣው ነው። ዋጋ ሲወጣ ቀይ፣ ሲወርድ አረንጓዴ የሚሆነውን ስክሪን እያሳዩ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ማሳህ እንዲህ ለምልሞልህ ምን ትጠብቃለህ? አጭደህ ግባ እንጂ" ይሏቸዋል። አዳራሹ ይስቃል፣ አባባም አብረው ይስቃሉ። ቤት ሲገቡ ግን እራት አይቀምሱም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሲተኙ ሳይ አንጀቴን ይበሉታል።

ለመቃብር ጽዳት በዓል እማማ ጋ ሄደን ነበር። ድንጋዩ ላይ ከእሷ ስም ጎን ያለው የአባባ ስም፣ በሕይወት ስላሉ በቀይ የተጻፈው፣ ቀለሙ ለቆ ነበር። ብሩሽ ይዘው ቀስ ብለው አደሱትና፣ "ትንሽ ታገሺኝ፤ የልጁን ቤት ሁለት አድርጌለት እመጣለሁ" አሏት። ከኋላቸው ቆሜ ሰማሁ።

ነገሩ ይኸውልህ። የድሮ ሰፈራችን ሲፈርስ በምትኩ የተሰጠንን፣ ለሰርግህ ብለው በስምህ ያስመዘገቡትን ይህን ያለንበትን ቤት ሊሸጡት ነው። አክሲዮኑ አሁን ረክሷል፣ ዛሬ ያልገዛ መቼ ሊገዛ ነው፣ ነገ ሲወጣ በሁለት ቤት ይመለሳል ይላሉ። ገዢም አግኝተዋል። ያለ አንተ ፊርማ ስለማይሆን ወረቀቱን ይልኩልሃል። ድንገት ሊያስደስቱህ ስለፈለጉ ምክንያቱን እንዳልነግርህ አስጠንቅቀውኛል። ወንድም ዓለም፣ እንዳትፈርም። ቤቱ ከሄደ አባባም፣ እኔና ልጄም የምንገባበት የለንም።

ግን እንዲሁ እምቢ ብትላቸው ልጄ አላመነኝም ብለው ቅስማቸው ይሰበራል፤ ከዘመድ ተበድረውም ቢሆን ይገዛሉ። ስለዚህ የምለምንህ ሌላ ነው። ስትደውል ገበያ ጠፋ በላቸው። ሙልታን ሰዉ ጠግቧል፣ ዕቃዬ መጋዘን ታጉሯል፣ እርስዎም ያለዎትን ሸጠው ይውጡ በላቸው። እኔ ብናገር ሥራ ያጣች ሴት ምሬት ነው ይሉኛል። አንተ ዋሽተሃቸው አታውቅም፣ ያንተን ይሰማሉ። ኩራትህ እንደሚነካ፣ እሳቸውም ልጄ ከሰረ ብለው እንደሚያዝኑ አስቤበታለሁ። ይዘኑ፤ ቤታቸው ውስጥ ሆነው ይዘኑ።

ልጄ ዩዩ ሰላም ብላሃለች፤ አጎቴ ከዚያ ማንጎ ይዞልኝ ይምጣ ትላለች። አክስታችን ሳልህ እስኪለቅህ ቀዝቃዛ ውኃ እንዳትጠጣ ብላሃለች። ጋሽ ታንም፣ "ለዚያ ልጅ ሰላም በይልኝ፤ አባቱን ከዚህ አዳራሽ ጎትቶ ያውጣልኝ" ብለዋል። ናዲምን ከነቤተሰቡ ሰላም በልልኝ።

አባባ አሁን ገቡ። ላንተ እየጻፍኩ መሆኑን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ መነጽራቸውንም አላደረጉም፣ ምን እንደጻፍኩም አልጠየቁኝ። "ዛሬ መኪናው ብዙ ነው በይው። በርታ፣ ያለህን ሁሉ ሽጥ፣ አባትህ አለሁልህ ብሎሃል በይው" አሉኝ። እንዳሉት ጽፌልሃለሁ።

እህትህ ሹዪንግ

ሺታንግ፣ ጂያንግሱ
የዘንዶ ጀልባ በዓል ማግስት፣ 2024 እ.ኤ.አ.