ስለ አራተኛው ረድፍ ዘጠኝ ሳጥኖች

ሐዋሳ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.
በተወለድሁ በሰባ ዘጠኝ ዓመት ከዘጠኝ ወር

ለጋራ ኬሚካል ኢንዱስትሪ ፓርክ ልማትና አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሐዋሳ

ጉዳዩ፦ ከፓርኩ ክልል የተነሡ አፅሞች በእኔ ስሕተት ስማቸው ስለ ተዛወረ፣ ሲሚንቶ ከመፍሰሱ በፊት ሳጥኖቹ ተከፍተው እንዲታረሙ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች በቱላ አካባቢ ነዋሪ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት አማርኛ ያስተማርሁ ጡረተኛ፣ ላለፉት ሃያ ሁለት ዓመታት ደግሞ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። በመቃብር ስፍራችን የነበሩትን ስሞች አብዛኞቹን የጻፍሁት እኔ ነኝ። አቅም ያለው ቤተሰብ በድንጋይ ያስቀርፅ ነበር፤ አቅም ላጠረው እኔ በቆርቆሮ ላይ በቀለም እጽፍለት ነበር። አራተኛው ረድፍ የቆርቆሮዎቹ ረድፍ ነበር። ባለቤቴ ኤልሳቤጥም ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያ አርፋ ነበር፤ የመምህር ሚስት ናትና።

2. በ2012 ዓ.ም. የፓርኩ አጥር ሲታጠር፣ ወርካው ሥር የነበረው የምዕራብ በራችን ተዘግቶ በምሥራቅ፣ በአስፋልቱ በኩል፣ ሌላ በር ተከፈተልን። በአሮጌው በር ላይ ቆሞ ዞር ያለ ሰው ሐይቁን ያይ ነበር፤ ከቀብር የሚመለስ ሁሉ ዓይኑን እዚያ ያሳርፍ ነበር። አሁን በዚያ ቦታ የእንፋሎት ቧንቧ ያልፋል። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት የቆርቆሮዎቹ ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ ለቀቀ። ከጢስ ይሁን ከዝናብ አላውቅም፤ የማላውቀውን አልከስም።

3. በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ፋብሪካዎቹ በጋራ የሚገለገሉበት የቆሻሻ ውኃ ማጣሪያ ሊስፋፋ ስለ ሆነ መቃብሩ ይነሣ፣ አፅሙም በሳጥን ሆኖ በመንገድ ዳር ወደ ተሰጠን አዲስ መቃብር ይዛወር ተባለ። ቦታው የሥራ ክልል በመሆኑ ቤተሰብ ከገመዱ ውጭ እንዲቆም፣ ከእድሩ አንድ ሰው ብቻ እንዲገባ ተወሰነ። የደኅንነት ቆብና ቦት ጫማ ተሰጥቶኝ ገባሁ። የድንጋዮቹ ረድፎች ስም ስለ ነበራቸው አላስቸገሩም። አራተኛው ላይ ስንደርስ ሠራተኞቹ ከአዲሱ በር በኩል ጀምረው ቆፈሩ፤ እኔም መዝገቤን ገልጬ፣ «ከበሩ አንደኛ፣ ከበሩ ሁለተኛ» የሚለውን እየተከተልሁ በየሳጥኑ ላይ ስም ጻፍሁ። መዝገቡ ግን የተጻፈው በራችን ወርካው ሥር በነበረበት ዘመን ነው። ስለዚህ አንደኛው ዘጠነኛ፣ ዘጠነኛው አንደኛ ሆነ።

4. እንዴት አላስተዋልህም ቢሉኝ፣ ኤልሳቤጥ ከዘጠኙ አምስተኛ ናት። ከየትኛውም በር ቢቆጠር አምስተኛ ናት። አፅሙ ሁሉ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ይወጣ ነበር፤ የእርሷን ብቻ ግለጡልኝ አልሁ። ክንዷ የተሰበረ ጊዜ ሐኪም ያስገባላት ብረት ምንም ሳይሆን አገኘሁት። እርሷ ትክክል ከሆነች ሁሉም ትክክል ነው ብዬ አመንሁ። ከዚያ በኋላ መቆም አቃተኝ፤ የቀሩትን አራት ስሞች መኪና ውስጥ ተቀምጬ፣ ሳላይ ጻፍሁ። ለዘጠኙም ፈረምሁ።

5. ሳጥን ከሚሸከሙት ሠራተኞች አንዱ፣ ማርቆስ የሚባለው፣ የስድስት ዓመቷን ሕፃን የሃሴት ሔኖክን ስም የያዘውን ሳጥን አንሥቶ፣ «አባባ፣ ይቺ ልጅ ምነው ከበደችኝ?» አለኝ። «እርጥብ አፈር ገብቶበት ነው» አልሁት። «እርስዎ ካሉ ይሁን» አለና ጫነው፤ ሳጥኖቹም በአዲሱ መቃብር በዚያው ተራ ተቀበሩ። እውነቱን ያወቅሁት ግን በነሐሴ ወር ነው። በመቃብሮቹ ላይ ለሚተከለው ዕብነ በረድ ስሞችን ልገለብጥ መዝገቡን ስገልጥ፣ በረድፉ መነሻ ላይ በገዛ እጄ የሣልሁትን ወርካ አየሁ። ከነሐሴ እስከ ዛሬ ዝም አልሁ። ለዚህ ምክንያት የለኝም።

6. የሃሴት እናት ወ/ሮ ሙሉጌጥ የቀድሞ ተማሪዬ ናት። በየእሑዱ ከአምልኮ በኋላ በልጇ ስም አጠገብ ተቀምጣ ታንጎራጉራለች። «ጋሼ፣ አሁን እንኳ መንገድ ዳር ናት፤ መኪና ሲያልፍ ትሰማለች፣ ብቻዬን ነኝ አትልም» ብላኝ ነበር። ባለፈው እሑድ ደግሞ ጉልበቴን ይዛ፣ «እርስዎ ባይኖሩ ልጄን ከማን ጋር ይቀላቅሉብኝ ነበር?» አለችኝ። እርሷ የምታንጎራጉረው ለአቶ ተፈራ ዱካሞ ነው፤ በሕይወት ሳሉ ትራክተር የሚነዱ፣ በር ጎንበስ ብለው የሚገቡ ግዙፍ ሰው ነበሩ። ሃሴት ደግሞ ከረድፉ ማዶ ጫፍ፣ በእርሳቸው ስም ሥር ተኝታለች። የአቶ ተፈራ ልጆች በሩቅ አገር ስለሚኖሩ በዚያ በኩል የሚቀመጥ ሰው የለም። በመካከላቸው ሕፃን ሮጣ የምትደርስበት ርቀት ነው ያለው። እናቷ ስታንጎራጉር ከዚያ ማዶ የምትሰማ ይመስለኛል።

7. ጽሕፈት ቤትዎ በመስከረም 27 ቀን ማስታወቂያው፣ ጥቅምት 25 ቀን በመቃብሮቹ ላይ ሲሚንቶ እንደሚፈስስና የስም ዕብነ በረድ እንደሚተከል አስታውቋል። በፓርኩ ውስጥ አንዱ ቧንቧ ከሌላው እንዳይምታታ በቀለምና በቁጥር መለየቱን አይቻለሁ። ይኸው ጥንቃቄ ለእነዚህ ዘጠኝ ሰዎችም እንዳይነፈግ በትሕትና እለምናለሁ። ስለዚህ፦

ሀ/ የአራተኛው ረድፍ የሲሚንቶ ሥራ እንዲቆም፤

ለ/ ስምንቱ ሳጥኖች ሐኪም ባለበት፣ ቤተሰብ ከገመዱ ውጭ ሳይሆን አጠገብ ቆሞ፣ እንዲከፈቱና ስማቸው እንዲመለስ፤

ሐ/ የኤልሳቤጥ ሳጥን እንዳይነካ፤ እርሷን አንድ ጊዜ ቀስቅሻታለሁ፣ ይበቃል፤

መ/ ሠራተኞቹ እንዳይጠየቁ። ማርቆስ ጠይቆኝ ነበር። የመለስሁለት እኔ ነኝ።

ውሳኔዎ ከጥቅምት 25 ቀን እንዳያልፍ አደራ እያልሁ፣ በአክብሮት እሰናበታለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አምሳሉ ደምሴ (ፊርማ)
የእድሩ ጸሐፊ

ግልባጭ፦ ለዘጠኙ ቤተሰቦች

ማሳሰቢያ፦ የወ/ሮ ሙሉጌጥን ግልባጭ ሌላ ሰው እንዲያደርስልኝ አልፈለግሁም። ዛሬ ጠዋት በአዲሱ መቃብር በር ላይ ቆመን እኔው አነበብሁላት። ስጨርስ፣ «ታዲያ የትኛዋ ናት?» ብቻ አለች። በጣቴ አሳየኋት። ሄዳ እዚያ ተቀመጠች። እኔም ቤቴ ተመልሼ፣ ይህን ከግርጌው ጨምሬ፣ አቤቱታውን አሽጌ ልኬአለሁ።