ላይልን የሚያስታውስ ሰው

ቨርናዬ፣ እንዴት ከረማችሁ? እኔ እግሬ አብጦ የሆቴሉ አልጋ ላይ ተጋድሜ ነው የምጽፍልሽ። የሉዊቪሉ የድሮ ወታደር ዕቃ ትርኢት ልክ እንደኛ አውራጃ የከብት ትርኢት ነው፤ ሰዉ በየረድፉ እየዞረ ያገላብጣል፣ ይከራከራል። እዚህ የሚገላበጠው ግን የሟች ኮትና የሟች ኒሻን ነው።

አዳራሹ ጥግ የቬትናም ዘማቾች ተቀምጠው ነበር። አንዱ ሽማግሌ ኮፍያው ላይ እዚያው ቬትናም የቀረውን የወንድሜን የላይልን ክፍለ ጦር ምልክት አድርጓል። ኤልዉድ ይባላል። የላይልን ፎቶ ሰጠሁት፤ መነጽሩን አውልቆ ብዙ አየው።

«እህቴ፣ አልዋሽሽም፤ ፊቱን አላስታውሰውም» አለኝ። «ድሮ የሟቾቹ እናቶች ሲጠይቁኝ አውቀዋለሁ እል ነበር። አሁን መዋሸቱም ደከመኝ።»

ልሄድ ስል ክንዴን ያዘኝ። «ቆዪ እስቲ። አንድ ግራኝ ልጅ ነበር። ወባ ይዞኝ ስንቀጠቀጥ የታሸገ የኮክ ፍሬ በማንኪያ ያጎረሰኝ። ስሙን እንኳን አልጠየቅኩትም። ወንድምሽ ግራኝ ነበር?»

አዎ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እውነቱ ጠፋብኝ። ሃምሳ ምናምን ዓመት ሳለቅስለት ኖሬ፣ የገዛ ወንድሜ በየትኛው እጁ ይበላ እንደነበር አላውቅም። ጠይቄ እጽፍልሃለሁ ብዬ አድራሻውን ተቀበልኩት።

አንቺ ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ከላይል ጎን ተቀምጠሽ ተምረሻል። በየትኛው እጁ ይጽፍ እንደነበር ትዝ ካለሽ ጻፊልኝ፤ የኤልዉድን አድራሻ ይዣለሁ። ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ ሃሮልድንና ልጆቹን ሳሚልኝ። ሰውየው ሰማንያ ሊሞላው ነውና አትዘግዪ።

ማርሊስ