ቀለም ስለተቀባው የላፕቶፕ ሜሞሪ፣ ለንብረት ክፍል ኃላፊያችን

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ሶሬሳ፣ የገበሬዎች ማኅበራችን ንብረት ክፍል ኃላፊ፤
የቡ ከተማ፣ ጅማ

ከሁሉ በፊት አላህ ጤናዎን እንዲጠብቅልኝ፣ በተለይም ብሩሽ የሚይዙበትን ቀኝ እጅዎን ከቁርጥማት እንዲሰውርልኝ እየተመኘሁ፣ እኔ የማኅበሩ አባልና የማሳ ጎረቤትዎ ናኢማ በአደባባይ ላመሰግንዎ ተነስቻለሁ።

፩ኛ፤ እንደሚያውቁት ዘንድሮ የውጭ ገዢዎች፣ ደን ተጨፍጭፎ የተተከለ እንዳይመጣብን ብለው፣ ማሳው በካርታ ላይ ያልተመዘገበለትን ገበሬ ቡና አንቀበልም ብለዋል። ምዝገባው በማኅበሩ ላፕቶፕ ቢሆንም፣ ላፕቶፑ ሜሞሪው አንሶት ካርታውን ልክፈት ሲል ደርቆ ይቀራል። ጸሐፊያችን ፈድሊያ ከፍታ ትታው አጋሮ ከተማ ደርሳ ብትመለስ እንኳ የሚጠብቃት ያው ነጭ ገጽ ነው። ወረፋ ጠባቂዎቹ ትዕግሥትን ስለተማርንበት እናመሰግናለን።

፪ኛ፤ ከብዙ ስብሰባ በኋላ ተጨማሪ ሜሞሪ ከጅማ መርካቶ ተገዝቶ መጣ። እርስዎም ወንበሩን፣ ሚዛኑን፣ የመጥረጊያውን እጀታ ሳይቀር የንብረት ቁጥር እንደሚቀቡት ሁሉ፣ ጣት የምታህለውን ዕቃ ሳይቀቡ ከመጋዘን አላወጡም። ላይዋ በጥቃቅን ነገር የተሞላ ስለሆነ፣ ባዶና ንጹሕ ሆኖ ያገኙት ጠርዟ ላይ የተደረደሩትን ወርቃማ ጥርሶች ነበር። ላፕቶፑ ሜሞሪውን የሚያገኘው በእነዚያ ጥርሶች መሆኑን ማንም አልነገረዎትም፤ እርስዎም ማንንም አልጠየቁም። የቁጥሩ አጻጻፍ ግን እጅግ ያምራል።

፫ኛ፤ ላፕቶፑ አዲሱን ሜሞሪ አላውቅህም ሲለው፣ ጠጋኙ ፋሂም ቀለሙን በአልኮል ላስለቅቀው ብሎ ለመነዎት። እርስዎም «ቁጥር የሌለው ንብረት፣ የሌለ ንብረት ነው» ብለው፣ ቁጥር የሚያነሳ ኮሚቴ እስኪሰየም ሜሞሪውን ቆለፉበት። ኮሚቴው ተሰየመ፣ ቀለሙ ተነሳ፣ ላፕቶፑም ካርታውን ፏ አድርጎ ከፈተው፤ ምዝገባው በተዘጋ ማግስት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ያሉ አባላት ነበሩ፤ እኔ ግን የሥራ ሰው እንዲህ አይባልም ብዬ ገሥጬአቸዋለሁ።

እንግዲህ ቀይ ቀዩን እየመረጥኩ የለቀምኩት፣ አባቴ ተክሎት የሞተው ቡና፣ ከማንም ቡና ጋር ተደባልቆ ስም አልባ ሆኖ ይሸጣል። ይህ አንገብግቦኛል፤ በአክብሮት ነው የምነግርዎ፣ ግን አንገብግቦኛል።

ለዕቃ ያለዎት ፍቅር ለሰው እስኪተርፍ ድረስ ዕድሜዎን ያርዝመው።

ከዝቅተኛ ትሕትና ጋር፣
ቁጥር ሳይወጣላት የቀረችው አባልዎ ናኢማ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የእርስዎ ማሳ ጅማ ባለ የዘመድ ላፕቶፕ ቀደም ብሎ መመዝገቡን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ፈድሊያ ካርታውን ከፍታ ስታሳየኝ፣ ከአጥርዎ ማዶ ያለው የእኔ ማሳ የጥላ ዛፍ ስለሞላው ሰው ያልገባበት ደን ተብሎ ተቀምጦ አገኘሁት። ነገ ልኮተኩት ስገባ ደን ጨፍጫፊ ብለው ቢይዙኝ፣ እዚያው የተወለድኩ መሆኔን ይመስክሩልኝ። እርስዎ ካርታው ላይ ስላሉ ይታመናሉ።