ፊቴን የለበሰው ጭራቅ

መጋቢት 15፣ ሰኞ
ልጄ ወደምትኖርበት ከተማ፣ ኡቡድ ገባሁ። ሴካር መናኸሪያ ድረስ መጥታ ተቀበለችኝ። ገና ከመድረሴ፣ "አባዬ፣ ከእንግዲህ እዚሁ ከእኛ ጋር ኑር" ጀመረች። ሚስቴ ራስቲ ካረፈች ሁለት ዓመቷ። ባዶ ቤት ምን ታደርጋለህ ነው ነገሩ። "ቅዳሜ ከሚውለው የዝምታ ቀን በዓል በኋላ እመለሳለሁ" አልኳት። እዚህ ሁሉም ይቀርጻል፣ ይስላል፣ ይጨፍራል... እኔ ከሩዝ እርሻ በቀር ምን አውቃለሁ? ማንስ ይፈልገኛል?

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ
የሴካር አማት ሱዋርሳ ጭንብል ቀራጭ ነው። ዘንድሮ የሰፈሩን ጭራቅ የሚሠራው እሱ ነው። ከቀርከሃና ከወረቀት፣ ቤት የሚያህል። ዓርብ፣ በበዓሉ ዋዜማ፣ በየመንገዱ ይዞርና ይቃጠላል፤ ክፉ መናፍስትም አብረውት ይሄዳሉ። የጭራቁ ፊት አልመጣለት ብሎ ተጨንቋል።
ከምሳ በኋላ በረንዳው ላይ ጋደም አልኩ። ጥሩ እንቅልፍ።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ
ጭራቁ ቀለም ተቀብቶ አየሁት። አፉ የተከፈተ። አንድ ጥርሱ የጎደለ። ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ... በሬ የረገጠኝ የእኔው ጠባሳ!
"ሱዋርሳ፣ ይሄ ማነው?"
"ምን ላድርግ ወንድሜ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ አስቀያሚ ፊት ስፈልግ፣ አንተ ከአውቶቡስ ወረድክ።"
"ቀይረው!"
"ደርቋል።"
ሴካር ሳቋን ልትደብቅ ወደ ማድቤት ሮጠች። እሑድ በመጀመሪያው አውቶቡስ እሄዳለሁ። ሱዋርሳን ደግሞ አላናግረውም።
ተቆጥቼ ነው ወይስ አፍሬ? አምላክ ያውቃል።

መጋቢት 19፣ ዓርብ
ዞርኩ... ዞረ ማለቴ ነው። የሰፈሩ አሮጊቶች እሱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ደግመው እሱን አዩ። አንዷ፣ "አይዞህ፣ እሱ ይብሳል" አለችኝ።
ሲያቃጥሉት መጀመሪያ የነደደው ጆሮዬ ነው።

መጋቢት 21፣ እሑድ
ትናንት የዝምታ ቀን ነበርና አልጻፍኩም። እሳት የለ፣ ሥራ የለ፣ ወሬ የለ። ዕድሜዬን ሙሉ ሕጉን አፍርሼው አላውቅም ነበር።
ከሱዋርሳ ጋር ፊት ለፊት ተቀመጥን። ለኩርፊያ የተመቸ ቀን። እሱ ቀስ ብሎ ጋደም አለ... ዓይኑን ጨፈነ፣ አፉን ከፈተ፣ ያለ ድምፅ ማንኮራፋት ጀመረ። በረንዳው ላይ የተኛሁትን እኔን መሆኑ ነው! የልብሴን ጫፍ ነከስኩ። አልሆነም። ፈነዳሁ። ራስቲ ከሄደች ወዲህ እንዲህ ስቄ አላውቅም።
ዝምታውን የሚያስከብረው የሰፈሩ ጠባቂ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ሊቆጣ ሲል ፊቴን አየው። ደርቆ ቀረ። በሹክሹክታ፣ "ትናንት አላቃጠልንህም እንዴ?"
ከዚያ በኋላ ሦስታችንም... ተወው።
ዛሬ ጠዋት ለአምላኬ አበባ አቅርቤ ስለ ሳቁ ይቅርታ ልለምን ተንበረከክሁ። ሳልጨርስ ደግሞ ሳቅሁ። አምላኬ ራሱ ሳይስቅ የቀረ አይመስለኝም።
"አባዬ፣ አውቶቡሱ ሄደብህ እኮ!" አለች ሴካር።
"ይሂድ" አልኳት።
የከርሞውን ጭራቅ አፍንጫ እኔ ነኝ የምሠራው። የሱዋርሳን አፍንጫ። ብዙ ወረቀት ይፈጃል፤ ካሁኑ መሰብሰብ ጀምሬያለሁ።