«ፍላጎት የለውም» ተብሎ ስለ ተፈረደበት ኮርማ

ለተከበሩ ራ ሞትላለፑላ፣
የማትሎቦ ወረዳ የከብት እርባታ ኃላፊ፤

እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ከብቶችዎም ጭምር እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ የማትሎቦ ባለ በረቶች ደህና ነን። ደህና ያልሆነው ኮርማችን ሞሬና ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ደህና አለመሆኑን ያወቅነው ከእርስዎ ደብዳቤ ነው። ባለ ሦስት ማህተሙ ደብዳቤዎ «ተመርምሮ ለላም ፍላጎት የሌለው ሆኖ ስለተገኘ በሚመጣው ማክሰኞ ይኮላሽ» ይላል። ይህንንም የወረዳው ኮርማ ሁሉ ይማርበት ዘንድ ይመስለኛል በሸንጎው ዛፍ ላይ አስለጠፉት። እኔም መልሴን ከጎኑ ለመለጠፍ በመድፈሬ ከወዲሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ማ-ቦይካንዮ እባላለሁ። ባለቤቴ ሲሞት የተወልኝ ይኸው ኮርማ ነው። ከመንገዱ ወዲህ ሌላ ኮርማ ስለሌለ የአራት ቤት ላሞች የሚወልዱት ከእሱ ነው፤ የወለዳቸውም ሁሉ እንደ አባታቸው ከግራ ዓይናቸው በላይ ነጭ ቦታ ስላላቸው «የማን ጥጃ ነው?» የሚል ክርክር በማትሎቦ ተነስቶ አያውቅም። ዝናቡ ሊጥል ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ላሞቻችን በብዛት ኮርማ የሚፈልጉትም ያን ጊዜ ነው። ሞሬና አሁን ከተኮላሸ ለከርሞ ጥጃ የለም፣ ወተት የለም፤ አራት ቤት ባዶ እንስራ ታቅፎ ይቀመጣል።

ቅሬታዎቼን እንደሚከተለው በትህትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ መርፌው። የላኳቸው ሦስት ባለሙያዎች ባለፈው ሳምንት ሰኞ መጥተው ሞሬናን በአጥሩ ክፍተት ተመለከቱት፤ እሱም ተመለከታቸው። ቀንዱን አይተው ወደ መኪናቸው ቢመለሱ አይፈረድባቸውም፣ ሁሉም የእናት ልጆች ናቸው። ከዚያ ግን ከዱር እንስሳት ክፍል የተዋሱትን፣ ጎሽ ከአገር አገር በጭነት መኪና ሲጓጓዝ እንዳይደነብር የሚወጋውን የማረጋጊያ መርፌ አውጥተው ከሩቅ ተኩሰው ወጉት። ሐሙስ ዕለት ለምርመራው ተመልሰው ሲመጡ ሞሬና አንገቱን ደፍቶ፣ ለሃጩን እያንጠባጠበ ቆሞ ነበር። ላም አቀረቡለት፤ ግድግዳ እንደሚያይ ሰው አያት። ያን ጊዜ አለቃቸው በቅጹ ሰባተኛ ረድፍ ላይ «ፍላጎት፦ የለም» ብለው ጻፉ።

ከብቶቹን ሠላሳ ዓመት የጠበቀው ሽማግሌው ማሩፒንግ እዚያው ቆሞ ነበር። «ኧረ በፈጠራችሁ! እናንተው አደንዝዛችሁት እናንተው ደነዘዘ ትላላችሁ? እኔንስ ብትወጉኝ ሚስቴን አውቃት ይመስላችኋል?» ሲል ከባለሙያዎቹ አንዱ «ራ ማሩፒንግ፣ አይግቡብን፣ ይሄ ሳይንስ ነው» አለው። ማሩፒንግ ሳይንስ መሆኑን ስላላወቀ ይቅርታ ጠይቋል።

እኔና ይህ ሳይንስ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ትንሽ እንተዋወቃለን። እንደ እርስዎ ወንበር ባይኖረኝም በዋና ከተማው ዩኒቨርሲቲ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የአይጥ ጎጆ አጥቤአለሁ። ዶክተር ቦጎሲ የሚባሉ ሴት ምሁር ወንዱን አይጥ በሽቦ ወንፊት ወዲህ፣ ሴቷን ወዲያ ያደርጉና ከወንዱ አንጎል በቀጭን ቱቦ ጠብታ ጠብታ እየቀዱ ይለኩ ነበር። የሚለኩት ዶፓሚን የሚባለውን ነገር ነው። ገና ሳይነካት፣ ገና ሽታዋ ሲደርሰው ዶፓሚኑ ከፍ ይላል፤ ወንዱም ወንፊቱን ይቧጭራል። ዶፓሚኑን የሚያግድ መድኃኒት የተወጋ ቀን ግን ያው አይጥ ቁጭ ብሎ ጢሙን ያብሳል። እኔም እንደ ባለሙያዎችዎ «አይ፣ ይሄስ አለቀለት» ብል ዶክተሯ ሳቁብኝ። «ማ-ቦይካንዮ፣ ወንድነቱ የት ይሄዳል? የጠፋው ተነስቶ ወደ እሷ የሚያስኬደው ነገር ነው። መድኃኒቱ ይውጣለትና ታዪዋለሽ» አሉኝ። እውነትም በሳምንቱ ወንፊቱን ሊበጥስ ደረሰ። በዚያ ቤት በመድኃኒት ምክንያት የተኮላሸ አይጥ አላየሁም። የሞሬና ጥፋት አይጥ ሆኖ አለመፈጠሩ ነው።

ባለሙያዎችዎ በረቱ ውስጥ ጥለውት የሄዱትን ባዶ ብልቃጥ አጥቤ አስቀምጬልዎታለሁ። በላዩ ላይ «ዶፓሚን የሚያግድ፤ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ይሠራል» ተብሎ በግልጽ ተጽፏል። ምርመራው የተደረገው በሦስተኛው ቀን ነው። ቁጥር መደመር ለከፍተኛ ባለሙያ የማይመጥን ሥራ መሆኑን ስለምረዳ እኔው ደምሬዋለሁ፦ መድኃኒቱ የሚወጣለት ቢዘገይ በዚህ ሐሙስ ነው፣ እናንተ የምትመጡት በሚመጣው ማክሰኞ ነው። እንግዲህ ፍላጎቱ ሲመለስለት ጠብቃችሁ ልታኮላሹት ነው ማለት ነው። ይህን ያህል የተቀናጀ አሠራር በመሥሪያ ቤትዎ ስናይ የመጀመሪያችን ስለሆነ ደስታችን ወደር የለውም።

ሁለተኛ፦ ስለ ላሟ። ለምርመራው ያመጣችኋት እጅግ የተከበረች አሮጊት ነበረች፤ ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ ካለፋት ቆይቷል፣ እሷም ሞሬናን ስታየው የልጅ ልጇን የምታይ ነበር የሚመስለው። በዚያ ላይ ከእንጨት ጋር ታስራ ነበር። አይጥ እንኳ አንዷን ጠግቦ ሲተኛ አዲስ ሴት ብትገባበት ዶፓሚኑ እንደገና ይነሳል፤ የእኛ ጌታ ሞሬና ግን አንድ ጊዜ እንኳ ምርጫ አልተሰጠውም።

ሦስተኛ፦ ምርመራው የቆየው ባለሙያዎቹ አንድ ሐብሐብ በልተው እስኪጨርሱ ነው። ሐብሐቡ የእኔ ነበር። እንኳን በሉት።

ክቡር ሆይ፣ እስካሁን ቀለድኩ። አሁን ግን ሳልቀልድ ልንገርዎ፤ ተናድጃለሁ። ባለቤቴ ያንን ኮርማ እናቱ ሞታበት ወተት በጠርሙስ እያጠባ፣ በድርቁ ዓመት ከራሱ አፍ ነጥቆ እያበላ ነው ያሳደገው። ሲሞት «እሱን ብቻ አደራ» አለኝ፤ ልጆቼን እንኳ አደራ አላለም። በአንድ ቢላ የሚወሰደው ተመልሶ አይመጣም። በቢሮዎ ስህተት ሲገኝ በላጲስ ይጠፋል፤ በበረት ውስጥ ግን ላጲስ የለም። የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፦ መድኃኒቱ ይውጣለት፣ ሌላ ላም ይቅረብለት፣ ያለ መርፌ ደግማችሁ እዩት። ያን ጊዜም ዝም ብሎ ከቆመ ቢላውን እኔው ስዬ አቀርባለሁ።

የባለሙያዎችዎ ጤና የተጠበቀ፣ ማህተምዎ ቀለም የማያጣ፣ የራስዎም ፍላጎት ማንም በመርፌ የማይነካው ይሁን እያልኩ፣ ለወረዳችን ላደረጉትና ሊያደርጉ ላሰቡት ሁሉ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ የማመሰግን፣

ማ-ቦይካንዮ፣ የአይጥ ጎጆ አጣቢ በጡረታ፣
ከማትሎቦ መንደር

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ልለጥፍ ስወጣ ማሩፒንግ እየሮጠ መጣ። ሞሬና ሌሊቱን የበረቱን አጥር ጥሶ ወጥቷል። ዱካውን ተከትለን መንገዱን ተሻገርን፤ ያገኘነውም በእርስዎ በረት ውስጥ ነው። እረኛዎ እንደነገረን ጎህ ሲቀድ ገብቶ እስከ ረፋድ ድረስ አምስት ላሞችዎን ሰርሯል፤ በመሥሪያ ቤትዎ ባለ ሦስት ማህተም ወረቀት ፍላጎቱ «እጅግ ከፍተኛ» ተብሎ የተመሰከረለት የራስዎ ኮርማ ደግሞ ጥላ ሥር ተኝቶ እያመሰኳ ይመለከት ነበር። ልናወጣው ሞክረን አልሆነልንም፣ ሥራ ላይ ነው። ማክሰኞ ባለሙያዎችዎ ቢላቸውን ይዘው ሲመጡ እንግዲህ በእርስዎ በር ይግቡ። ካኮላሹትም ግድ የለም፤ ከዘጠኝ ወር በኋላ አምስት ጥጆች ከግራ ዓይናቸው በላይ ነጭ ቦታ ይዘው በበረትዎ ሲወለዱ፣ ሰባተኛውን ረድፍ ቆመው ያንብቡላቸው።