ሳልቆጥር የቆረጥኩት ሽቦ

«ፎቶው ላይ ከስተሃል፣ ምን እያበሉህ ነው?» ያልሽውን አነበብኩ፣ እትዬ። አልከሳሁም፤ ቀልጬ ነው። እዚህ ከተማ በበጋ ድንጋይም ይከሳል። ለመሆኑ አንቺ እንዴት ነሽ? ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተወሽ? የእማማ ጉልበትስ? የአባባ ዓይን? እኔ ጤናዬ እንደ ብረት ነው፤ ያውም እሳት ላይ የተጣደ ብረት።

የዚህን ከተማ ሰው ግን አይቼ አልጠግብም። ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ሁሉም ጥላ ባለበት በኩል ይታጨቃል። ሾፌሩ «መኪናው ሊገለበጥ ነው፣ ግማሻችሁ ወዲያ እለፉ» ሲል ሁሉም ያልሰማ መስሎ በመስኮት ያያል። እኔ አጥንቼዋለሁ፤ ከድልድዩ በኋላ መንገዱ ስለሚታጠፍ ፀሐይዋ ወደ እነሱ ትዞራለች። መጀመሪያ ትንሽ እጠበስና በኋላ እንደ ንጉሥ ጥላ ውስጥ እሄዳለሁ። ከኔ በፊት ይህን ያሰበ ሰው የለም።

ምሳ ሰዓት ባንክ እገባለሁ። ብር ኖሮኝ አይደለም፤ ውስጡ ይቀዘቅዛል። ቅጽ አንስቼ ስሜን እጽፋለሁ፣ እሰርዛለሁ፣ ደግሞ እጽፋለሁ። ዘበኛው በቀደም ጠጋ ብሎ «ወንድሜ፣ ስምህ ገና አልመጣልህም?» አለኝ። ዞር ብዬ ሳይ ቅጽ የያዘው ሁሉ የኔው ብጤ ነው፤ አንዷማ ሹራብ ይዛ መጥታለች።

ሥራዬን ጠይቀሻል። ቬንትሌተር ጥገና ነው፤ በዚህ ሙቀት ከኛ በላይ የሚፈለግ ሰው የለም። በሁለት ወር የሱቁ ቀኝ እጅ ሆኛለሁ። አለቃዬ ሞተር ሲቃጠል ሽቦውን ሌላ ሱቅ ልኮ ነበር የሚያስጠመጥመው። እኔ «ምን ችግር አለ፣ አባቴ ሲጠመጥም እያየሁ ነው ያደግሁት» አልኩት። ውሸት ነው እንዴ?

የአንዲት ልብስ ሰፊ የጣሪያ ቬንትሌተር መጣ። የተቃጠለውን ሽቦ በፒንሳ ቆራርጬ ጣልኩት። አዲሱን ልጠመጥም ስቀመጥ ነው ነገሩ የገባኝ። ለካ አባባ አሮጌውን ቀስ እያለ ሲፈታ፣ አንቺ አጠገቡ ሆነሽ ዙሩን የምትቆጥሪው ለዚህ ነበር፤ አዲሱም ያንኑ ያህል ዙር መጠምጠም አለበት። እኔ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። በግምት ጠመጠምኩት፤ ሲሰካ አጉረመረመ፣ ከዚያ ሸተተ፣ ከዚያ ጨሰ።

ሴትየዋ በየቀኑ እየመጣች ደጃፋችን በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፣ ፊቷን በካርቶን እያራገበች። «አይዞህ የኔ ልጅ፣ አትቸኩል፣ ብርድ ሲገባ ትጨርሰዋለህ» ትለኛለች። እስቅ ነበር። ዛሬ ግን አልመጣችም። ቤቷ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው፤ ትናንት እየሰፋች ራሷን ስታ ጎረቤት አነሳት አሉ። አለቃዬም «እስከ ቅዳሜ ካልሠራ ሌላ ሱቅ እወስደዋለሁ፣ አንተም አብረኸው ትሄዳለህ» ብሎኛል።

ቬንትሌተሩ የእናንተ ጤና ጣቢያ ጣሪያ ላይ ካሉት ጋር አንድ ዓይነት ነው፣ ባለ ሦስት ክንፉ፣ መሐሉ ላይ ኮከብ ያለበት። እነዚያን አባባ ሁለቴ ጠምጥሟቸዋል፤ የቆጠርሽው አንቺ ነሽ። ቁጥሩ ከጠፋሽ አባባ የሚጽፍበት ደብተር መሳቢያው ውስጥ አለ። በሱቁ ስልክ እንዳትደውይ፤ አለቃዬ ሥሩ ነው የሚቀመጠው። ለአባባም እንዳትነግሪው። ወይም ተይው፣ ንገሪው። ይሳቅብኝ፤ ቁጥሩ ብቻ እንዳይሳሳት።

የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ። ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ያንን ጢሙን ይላጭ። ትንሿን ጉንጯን ቆንጥጪልኝ። አክስቴ ከጠየቀችሽ ገና አላገባም በያት።

ከሱቁ ጠረጴዛ፣ ሰኞ፣ ግንቦት 11

ዙሩ ስንት ነው? ይህን ያመጣልሽ ሾፌር ሐሙስ ጠዋት ይመለሳል። ሌላ ወሬ አልፈልግም፤ ቁጥሩን ጽፈሽ እጁ ላይ አድርጊ።